ከውድድሩ ማግስት፦ ዘፋኝን የሚሠራው ቤት



ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ፍጻሜ ተካሄደ። የዚያን ዓመት ውድድር በሦስቱ ምሽቶቹ ከ180 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ተከታትሎታል። እስራኤልን ወክላ የቀረበችው የ21 ዓመት ወጣት ኤደን አለነ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። «ሴት ሚ ፍሪ» የተባለውን ዘፈኗን ስታገባድድ ድምፅዋ ወደ ላይ ወጣ። ብዙ ዘፋኝ የመጨረሻው ጣሪያ ነው ብሎ የሚያቆምበትን አልፎ፣ ፉጨት ወደሚመስል ቀጭን ድምፅ ተሻገረ። ያ ኖታ በውድድሩ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ተነግሮለታል።

ኖታው ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ በፒያኖ ማሳየት ይቻላል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። ኤደን የደረሰችበት ከግራ ሲቆጠር 75ኛው ቁልፍ ነው፤ ከእሱ በላይ የቀሩት 13 ብቻ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 1,975 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንዲህ ያለው ድምፅ በጉሮሮ ጉልበት አይወጣም። የድምፅ አውታሮች ሳይጨናነቁ በጣም ጥቂት አካላቸው ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽም በልክ ሲለቀቅ የሚገኝ ነው። ለዓመታት ያልሠለጠነ ሰው በአንድ ምሽት ድፍረት አያገኘውም።

የዛሬው ንግግር ስለዚያ ሥልጠና ነው። በአገራችን ብዙ ወጣት የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር እየተከታተለ፣ «እኔም አንድ ቀን ብሄድ» እያለ ያድጋል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ነገር ግን ውድድር የሚሠራው ሥራና ዘፋኝን ዘፋኝ የሚያደርገው ሥራ ለየቅል ናቸው። ውድድር አንድን ድምፅ ለሕዝብ ያስተዋውቃል። ዘፋኙን የሚሠራው ግን ከውድድሩ በፊት ያሳለፈው ትምህርትና ከውድድሩ በኋላ የሚቀበለው ቤት ነው። ይህንንም ከሩቅም ከቅርብም በታወቁ ሰዎች ታሪክ እንመለከተዋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

በኤደን እንቀጥል። የተወለደችው በ1992 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ነው። እሷ ከመወለዷ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ተጉዘው ነበር። በዚያና ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል በተደረጉት ጉዞዎች የሄዱት ቤተሰቦች ልጆች አዲስ ቋንቋና አዲስ ኑሮ ገጠማቸው፤ የቆዳቸው ቀለምም በየሄዱበት ጥያቄ ሲያስነሳባቸው ኖሯል። ኤደን ያደገችው በዚህ ትውልድ መካከል ነው።

ዘፈን ከመጀመሯ በፊት እግሮቿ ነበሩ የሠለጠኑት፤ 11 ዓመት የባሌ ዳንስ ተምራለች። በወጣቶች መዘምራን ቡድን ውስጥም ዘምራለች። በጥር 2010 ዓ.ም. ገና በ17 ዓመቷ «ኤክስ ፋክተር» የተባለውን ውድድር የእስራኤል ዝግጅት አሸነፈች። ብዙ ሰው የእሷን ታሪክ ከዚህ ይጀምረዋል። ያን ጊዜ ግን የልጅነቷን ከግማሽ በላይ በልምምድ አዳራሽ አሳልፋ ነበር።

ካሸነፈች በኋላ ያደረገችው ደግሞ ለእኛ የበለጠ ትምህርት አለው። ነጠላ ዜማ እያወጣች ብቻ አልተቀመጠችም፤ ወደ ቲያትር ቤት ገባች። «ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በዕብራይስጥ ሲዘጋጅ ተሳትፋበታለች። ይህ ሥራ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃው በ1974 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ አበባ ሻጭ ቤት ስለሚሠራ ምስኪን ወጣትና ሰው ስለሚበላ አስገራሚ ተክል ይተርካል። ታሪኩ የሚሄደው በዘፈን ስለሆነ ዘፋኙ ዜማውን ከማዜም አልፎ ገጸ ባሕርዩን መሆን፣ ከባልደረቦቹ ጋር እየተናበበ መንቀሳቀስ፣ በዘፈኑ መካከል ንግግር ሲመጣም ትንፋሹን ሳይስት መናገር ይጠበቅበታል።

በጥር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ለዩሮቪዥን ተወካይ የሚመረጥበትን ሌላ ውድድር አሸነፈች። ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደ ሰው እስራኤልን በዚያ መድረክ እንዲወክል ሲመረጥ የመጀመሪያዋ ናት። የተዘጋጀላት ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል። የደረሱት ዶሮን መዳሊ እና ኢዳን ራይሼል ሲሆኑ፣ ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ጋር አማርኛ ገብቶበታል። ራይሼል ከዚያ 18 ዓመት ያህል ቀድሞ ባወጣቸው ሥራዎቹ የአማርኛን ዜማና ቃል ወደ እስራኤል ሬዲዮ ያስገባ ሙዚቀኛ ነው፤ ከእሱ ጋር ካዜሙት መካከል ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ተሰደው ሳለ በሱዳን የተወለደችው ካብራ ካሳይ ትገኝበታለች። ኤደን የቆመችው ሌሎች ቀድመው በከፈቱት በር ላይ ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። የተለፋበት ዘፈን የዩሮቪዥንን መድረክ ሳያይ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት ደንብ ያንኑ ዘፈን ይዞ መምጣት ስለማይፈቅድ ከአዲስ ዘፈን ጋር እንደገና ተጀመረ። ኤደን ግንቦት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዙር አልፋ በፍጻሜው 17ኛ ወጣች። በደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ ለሚያይ ሰው 17ኛነት ትልቅ ነገር አይመስልም። የሙዚቃ ባለሙያ ግን ያንን ከፍተኛ ኖታ በቀጥታ ሥርጭት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እየጨፈሩ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ውድድር ራሱን ችሎ ፍርድ እንደማይሰጥ ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ ጠንካራው የሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ነው። በ1996 ዓ.ም. በ«አሜሪካን አይዶል» ፋንታዥያ ባሪኖ አንደኛ ስትወጣ፣ በዚያው ዙር ጄኒፈር ሃድሰን ሰባተኛ ሆና ተሰናበተች። ሃድሰን ከውድድሩ በፊት በቤተ ክርስቲያን ዘምራ ያደገች፣ በመንገደኞች መርከብ ላይ በሚቀርብ ሙዚቃዊ ትርዒት ሌሊት ሌሊት የሠራች ነበረች። ከተሰናበተች በኋላ «ድሪምገርልስ» በተባለው ሙዚቃዊ ፊልም ተሳትፋ በየካቲት 1999 ዓ.ም. በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር ተሸለመች። አሸናፊዋ ፋንታዥያም አልጠፋችም። በዚያው በ1999 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ «ዘ ከለር ፐርፕል» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ይዛ ተጫወተች። ሃድሰንም ከዓመታት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በዚያው ተውኔት አዲስ ዝግጅት ላይ ሌላዋን ገጸ ባሕርይ ይዛ መጣች። አንደኛዋና ሰባተኛዋ በአንድ ተውኔት ተገናኙ ማለት ነው። የለያቸው ውድድር ሲሆን ያገናኛቸው ቲያትር ቤት ሆነ።

ብሮድዌይ ላይ አንድ ተውኔት በሳምንት ስምንት ጊዜ ይታያል። ዘፋኙ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ስሜት፣ በዚያው ቦታ ስምንት ጊዜ ማዜም አለበት። ጉንፋን ያዘኝ፣ ስሜቴ ጥሩ አይደለም ማለት አይቻልም። የቴሌቪዥን ውድድር ግን ከተወዳዳሪው የሚፈልገው የሦስት ደቂቃ ጉብዝና ነው። በሦስት ደቂቃ ሰውን ማስደነቅ አንድ ችሎታ ነው፤ ለወራት ሳይደክሙ ማገልገል ሌላ ችሎታ ነው። ሁለተኛውን የሚማሩት በቲያትር ቤት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለው ቤት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከጎጃም የተነሡ ሰዎች ናቸው ካቆሙት መካከል ግንባር ቀደሞቹ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከፍኖተ ሰላም ሩቅ ባልሆነው በደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔና ዜማ ተምረው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የደረሷቸው ተውኔቶች ንግግርና ዜማ የተቀላቀሉባቸው ነበሩ፤ ግጥሙንም ዜማውንም የሚያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ። በስደት ዘመናቸው ስለ አገራቸው መወረር ያዘኑበት «አፋጀሽኝ» ዛሬም ድረስ በቲያትር ታሪካችን ይጠቀሳል። በንጉሡ ዘመን የነበረው የሕዝብ መዝሙር ግጥም የእሳቸው መሆኑ የሚነገር ሲሆን፣ ዜማውን የደረሱት በ1916 ዓ.ም. ከአርባ አርመናውያን ወጣቶች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሰውና የአርመኑ የሙዚቃ መምህር አንድ ሥራ ላይ መገናኘታቸው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከየት ከየት ተቀድቶ እንደተሠራ ያሳያል። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ያደገ የጎጃም ሰው ዘፋኝን የሚሠራው ቤት መሆኑን ለመረዳት አይቸግረውም። የዜማ ተማሪ ጾመ ድጓውን ሳይጨርስ ድጓ አይጀምርም፤ ዝማሬ መዋሥዕትና አቋቋም ደግሞ የየራሳቸው መምህር፣ የየራሳቸው ዓመታት አሏቸው። ግዕዝን ከዕዝል፣ ዕዝልን ከአራራይ ለይቶ የሚያዜመው ልጅ እዚያ የደረሰው በመምህሩ ፊት ቆሞ፣ ሲሳሳት እየታረመ፣ ያንኑ እየደጋገመ ነው። «ድምፅህ መልካም ነው» የሚለው ምስጋና ወደ ጉባኤው ቢያስገባውም፣ መምህር የሚያሰኘው ግን ጉባኤው ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በኋላም ሀገር ፍቅር ቲያትር፣ ለዓለማዊው ዘፈን ይህንኑ ሥራ ሠራ። ጥላሁን ገሠሠ ታዳጊ ሳለ ወሊሶ ውስጥ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ይማር ነበር። የሀገር ፍቅር ከያኒያን፣ እነ ኢዩኤል ዮሐንስና እነ ንጋቷ ከልካይ፣ ትርዒት ለማሳየት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ጥላሁን ፍላጎቱን ለኢዩኤል ነገረው፤ ኢዩኤልም ከልቡ ከሆነ አዲስ አበባ እንዲመጣ መከረው። ልጁ ለአያቱ እንኳ ሳይናገር በእግሩ መንገድ ጀመረ፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ ተመለሰ፤ ግን አልተወውም፣ ዳግመኛ ሄደ። ሀገር ፍቅር ተቀበለው። ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ቆይቶም ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ተሻገረ።

ልብ በሉ። ጥላሁንን ያገኘው በየትምህርት ቤቱ የሚዞር የቲያትር ቡድን ነው። ፈተናውም መግቢያውም ያ ነበር። ያገኘው ደግሞ እዚያው ትቶት አልሄደም፤ ወዴት መምጣት እንዳለበት ነገረው፤ ሲመጣም የሚያድርበት ሥራ፣ የሚያርመው ባለሙያ፣ የሚያጅበው ኦርኬስትራ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ያለቀሰለት ድምፅ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የተሠራ ነው።

ማሕሙድ አሕመድም የተገኘው እንዲሁ በመድረክ አጠገብ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በአሪዞና ክለብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር ልሞክር ብሎ ጠየቀ፤ ሞከረ፤ ከዚያም በክብር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ቦታ አገኘ። ያንን ምሽት እንደ ዕድል ብንቆጥረውም ከዚያ በኋላ በባንዱ ያሳለፋቸውን ረጅም ዓመታት ግን እንደ ዕድል መቁጠር አይቻልም።

ዘፈንንና ተውኔትን በአንድ ሰው ላይ አዋሕደን እንይ ካልን ደግሞ አስናቀች ወርቁ አለች። ክራሯን እየመታች የምታንጎራጉረው አስናቀች፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ መተወኗ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ተዋናይት ሆና ቀደመች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስሟ በክራርም በትወናም አንድ ላይ ሲነሣ ኖሯል። ክራሩን ስትመታ በአንድ ስንኝ ላይ ፊቷን፣ ዓይኗን፣ ዝምታዋን የምትጠቀምበት መንገድ ከትወና ጥበቧ የመጣ ነው። ወጣት ዘፋኞች የእሷን ቀረጻ ቢመለከቱ ብዙ ይማሩበታል።

ወደ እኛ ቀዬ እንመለስ። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ከቀበሌ ጀምረው እስከ ክፍለ አገር ተደራጁ። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ደግሞ ግሽ ዓባይ የተባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው። የእኛው ስሙን የወሰደው እዚሁ ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ ካለው የዓባይ ምንጭ ነው። እነዚህ ቡድኖች መንግሥት ቅስቀሳውን ያካሄደባቸው መሣሪያ እንደነበሩ መካድ አይገባም፤ ብዙው መዝሙርም ከዚያ ዘመን ጋር ሄዷል። ሆኖም አንድ የገጠር ልጅ መጀመሪያ በቀበሌው ፊት ይዘፍናል፤ እዚያ የተመረጠው ወደ አውራጃ ያልፋል፤ ከዚያ የተመረጠው ደግሞ በቡድኑ ውስጥ ማሲንቆ ከሚመታው፣ ዋሽንት ከሚነፋው፣ እስክስታውን ከሚያሰለጥነው ጋር በየቀኑ ይለማመዳል። ውድድሩና ቤቱ የተያያዙ ነበሩ። ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ከግሽ ዓባይ ኪነት ወጥተው በመላ አገሪቱ የታወቁ ድምፆች ሆኑ፤ ማሪቱ ለገሰም ከወሎ ላሊበላ ኪነት ወጣች። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ጉዞ ወደ ውጭ ሲሄድ ዓለም ያጨበጨበላቸው ከያኒያን ያደጉት በእንዲህ ዓይነቶቹ ቡድኖችና ቲያትር ቤቶች ውስጥ ነው።

ዛሬ የኪነት ቡድኑን ቦታ የያዘው ቴሌቪዥን ነው። «ኢትዮጵያን አይዶል» መንገዱን ከፈተ፤ የሙዚቃ ባለሙያው አብርሃም ወልዴ የመሠረተው «ባላገሩ አይዶል» ደግሞ ወደ ክፍላተ ሀገር ወርዶ ድምፅ ፈለገ፤ አሁን «ፋና ላምሮት» በየምዕራፉ አዳዲስ ልጆችን ከባንድ ጋር ያቀርባል። እነዚህ ዝግጅቶች ያደረጉት ቀላል አይደለም። ዘመድም ሆነ ገንዘብ የሌለው ልጅ በድምፁ ብቻ ሚሊዮኖች ፊት እንዲቆም አድርገዋል። የጥላሁንን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የመልካሙ ተበጀን ዜማዎች ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ጋር አስተዋውቀዋል።

ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ተወዳዳሪው ያሸነፈው በሌላ ሰው ዘፈን ነው። ካሸነፈ በኋላ ሕዝብ የራሱን ሥራ ይጠብቃል። የራስ ሥራ ለማግኘት ግጥም ደራሲ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ስቱዲዮ፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ ያስፈልጋል፤ ክሊፕ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በካሴት ዘመን የሙዚቃ ቤቶች ገንዘባቸውን አውጥተው ዘፋኙን ያስቀርጹ ነበር። ያ አሠራር ከካሴቱ ጋር ተዳክሟል፤ አሁን ወጣቱ ራሱ ከፍሎ ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል፤ ኑሮውንም በክለብና በሠርግ ሥራ ይደጉማል። በክለብ የሚፈለገው ደግሞ ያው የሌላ ሰው ዘፈን ነው። እንዲህ ስንቱ መልካም ድምፅ የሌሎችን ዜማ እያዜመ ዕድሜው ያልፋል።

የመጀመሪያው የባላገሩ አይዶል አሸናፊ ዳዊት ጽጌ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ዳዊት ባሸነፈ ማግስት ስሙ በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ ቶሎ ብሎ አንድ ነገር ቢያወጣ ገበያ አያጣም ነበር። «የኔ ዜማ» የተባለው አልበሙ አድማጭ ዘንድ የደረሰው ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። አልበሙ ሲወጣ የድሮ ዘፈን በማስመሰል የታወቀው ወጣት የራሱ ቀለም ያለው ድምፃዊ ሆኖ ተገኘ። ርዕሱም የሚመጥነው ነው፤ በእርግጥም የራሱ ዜማ ነው። በውድድርና በአልበም መካከል ያለውን ያንን ረጅም ጊዜ መታገሥ የሚችለው ግን ሁሉም ወጣት አይደለም። የሚደግፈው ሰው የሌለው፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ በዚያ መካከል ሙዚቃውን ይተዋል።

ቲያትር ቤት የሚያስፈልገው በመካከል ላለው ለዚህ ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ካሸነፈ በኋላ በቋሚነት የሚለማመድበት፣ አዲስ ዜማ ከሚደርሱና አዲስ ተውኔት ከሚጽፉ ሰዎች ጋር የሚውልበት፣ ትንሽም ቢሆን ደመወዝ የሚያገኝበት ቤት ካለ፣ የራሱን ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ጥበቡ አይዝግም። ሙዚቃዊ ተውኔት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል። ለአንድ ተውኔት የሚዘጋጁት አሥርና አሥራ አምስት ዘፈኖች ሁሉም አዲስ ስለሆኑ፣ ገጣሚው ሥራ ያገኛል፤ ዜማ ደራሲው ሥራ ያገኛል፤ ዘፋኙ ማንም ያልዘፈነውን ያዜማል። ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት የሙዚቃ ክፍሉ ከተውኔቱ ጎን ለጎን የተደራጀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ በአዲስ አበባ ቲያትር ቤቶች ሙዚቃዊ ተውኔት ብርቅ መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ የጃቢ ጠህናን ወይም የደጋ ዳሞት ገበሬ ልጅ ያ መንገድ የትራንስፖርት ብቻ አይደለም፤ ማረፊያ የሌለበት፣ የሚያውቁት ሰው የማይገኝበት መንገድ ነው። ቅርቡ ባሕር ዳር ነው፤ እዚያም ሙሉዓለም የባህል ማዕከል የራሱ የኪነት ቡድንና መድረክ አለው። ሙሉዓለም እንደ ጥንቱ ሀገር ፍቅር ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ደምበጫ ትምህርት ቤቶች እየወረደ ቢያሳይና ልጆችን ቢፈትን፣ ጥላሁን ወሊሶ ላይ ያገኘውን ዕድል የዚህ አካባቢ ልጆችም ያገኛሉ። ማዕከሉ ይህን ማድረግ ይችላል፤ የዞኑና የወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም ሊጠይቁት ይገባል።

ይህ እስኪሆን ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ሙዚቃዊ ተውኔት ለመጀመር ትልቅ አዳራሽ አያሻም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የኪነ ጥበብ ክበብ አለ። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ፣ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ፣ ቀረርቶና ፉከራ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ የሠርግ ዘፈን ጠንቅቃ የምታወርድ እናት በየቀበሌው አሉ። የአማርኛ መምህሩ ግጥሙን ያስተካክላል፤ ዜማ የተማረው ዲያቆን ቅኝቱን ያርማል። ታሪኩ ደግሞ ከዚሁ ይገኛል፤ ወደ ቡሬ ገበያ ከሚወርደው የበቆሎ ነጋዴ፣ ከነቀምቴው መንገድ መገንጠያ ከሚያድረው ሹፌር፣ ተምሮ ሥራ ካጣው ወጣት፣ ባሏን በሞት ተነጥቃ ልጆቿን ከምታሳድገው እናት ኑሮ። ከእነዚህ አንዱን ወስዶ አምስት ዘፈን ያለው የአንድ ሰዓት ተውኔት ማዘጋጀት በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚደረስበት ሥራ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጅ ዘፈን ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ስድብ ብዙ ድምፅ ቀብሯል። አስናቀች የተሻገረችው ይህንኑ ነው። ልጃችሁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ በክበብ ቢለማመድ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ከሰው ፊት መቆም፣ ሰዓት ማክበር፣ ከጓደኞቹ ጋር ተናቦ መሥራት ይማራል። ዘፋኝ ባይሆን እንኳ መልካም መምህር፣ መልካም ጠበቃ፣ መልካም ነጋዴ ያደርገዋል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ውድድሩ ሲመጣ ሂዱ፤ ተመዝገቡ፤ ዘፍኑ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በየትምህርት ቤታችሁ የተውኔትና የዜማ ክበብ አቋቁሙ፤ ክበቡ ካለ ተቀላቀሉት። በዚህ ዓመት ቢያንስ አንድ የራሳችሁን ዘፈን ድረሱ፣ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጁ፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሕዝብ ፊትም አሳዩት። ተሰብሳቢዎችም ያን ቀን ቦታችሁን ይዛችሁ ተገኙላቸው።